ኧርዊን ባርቦርና የሰይጣን ቡሽ መንቀያ

ኧርዊን ሂንክሊ ባርቦር እ.ኤ.አ. በ1856 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ተወለደ። በየል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1887 የዶክተርነት ማዕረግ ከተቀበለ በኋላ፣ በ1891 በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህር ሆኖ ተቀጠረ። የዩኒቨርሲቲውንም ቤተ መዘክር እስከ 1941 ድረስ መርቷል።

በዚያው በ1891 ባርቦር ወደ ኔብራስካ ሰሜን ምዕራብ ተጓዘ። በዚያ አገር የሚኖሩ ከብት አርቢዎች በገደሉ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠማዘዘ እንግዳ ድንጋይ ያውቁ ነበር። አንዳንዱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ስሙንም የሰይጣን ቡሽ መንቀያ ብለውታል። ባርቦርም ይህንኑ ስያሜ ተከትሎ፣ ከግሪክ ቃላት ዲሞኒሊክስ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ነገር ግን ስም ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ምንነቱን ማወቅ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የአካባቢው አለት በሰፊ ሐይቅ ውስጥ የተከማቸ ደለል ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ባርቦር በመጀመሪያ ነገሩ በውኃ ውስጥ ያደገ ግዙፍ ስፖንጅ መሰለው። በኋላ የድንጋዩን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ቢመረምር የዕፅዋት ሕዋሳት ስላገኘ፣ ጥንታዊ ተክል ነው ወደሚለው ሐሳብ ዞረ።

በ1893 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኮፕና የቪየናው ቴዎዶር ፉክስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ይህ የእንስሳ ጉድጓድ ነው የሚል አስተያየት ሰጡ። በአንዱ ጠመዝማዛ ውስጥ የአንድ ቆፋሪ እንስሳ አጽም ተገኝቶ ነበርና ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ባርቦር ግን አልተቀበለውም። በሐይቅ ወለል ላይ የየብስ እንስሳ እንዴት ጉድጓድ ይቆፍራል? አጽሙንም ተክሉ ሲያድግ በውስጡ ያስቀረው ነው ሲል ተከራከረ። ለዚህ ብቻ ባርቦርን ተላላ ማለት አይገባም፤ መነሻው ሐይቅ ከሆነ መደምደሚያው የሚያስኬድ ነበር። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ላይ ነው።

በ1905 ኦላፍ ፒተርሰን የተባለ የካርኔጊ ቤተ መዘክር ተመራማሪ በጉድጓዶቹ ውስጥ የተገኙ አጽሞችን ገልጾ ጻፈ። የአጽሞቹ ባለቤት ፓሌዮካስተር የሚባል፣ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረና ዘሩ የጠፋ የአይጥ ወገን ነው። በዛሬው ዘመን በወንዝ ላይ ግድብ ከሚሠራው ከቢቨር ጋር ይዛመዳል፤ ሆኖም እርሱ በደረቅ ሜዳ የሚኖር ትንሽ ቆፋሪ ነበር። አለቱም የሐይቅ ደለል ሳይሆን አብዛኛው ነፋስ ያመጣው አፈር መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ።

ባርቦር በ1947 ሞተ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ላሪ ማርቲንና ዴብ ቤኔት የተባሉ ተመራማሪዎች በጉድጓዶቹ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሰፋፊ ጭረቶች ከፓሌዮካስተር የፊት ጥርሶች ጋር አስተያይተው ልክክ ብለው እንደሚገጥሙ አሳዩ። እንስሳው አፈሩን የፈነቀለው በጥርሱ ነበር።

ባርቦር በማይክሮስኮፑ ያየው የተክል ሕዋስም እውነተኛ ነው። በደረቁ ሜዳ የበቀሉት ዕፅዋት እርጥበት ፍለጋ ሥራቸውን ወደ ጉድጓዶቹ ግድግዳ ሰድደው ነበር። ውኃው ከእሳተ ገሞራ አመድ ያገኘው ሲሊካ እነዚያን ሥሮች አደነደናቸው፤ ጠመዝማዛውንም እንደ ቅርፊት ሸፍነው ያቆዩት እነርሱ ናቸው።