ዐፄ ቴዎድሮስ፤ ከባድ ብረትና የሚሸከመው መሬት

ከሳንጃ እስከ መተማና ቋራ በሱዳን ጠረፍ የተዘረጋው ቆላ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ ጥቁር አፈር የሚበዛበት አገር ነው። በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚሁ ቆላ፣ በቋራ ነበር።

ካሣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ድል ሆኑ። ጀግንነት ብቻውን መድፍንና ሥርዓት ያለውን ጦር እንደማይረታ በዚያ ቀን ተገነዘቡ። ስለዚህ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫኑ በኋላ መሣሪያን በአገር ውስጥ ማሠራት ከሁሉ የበለጠ ምኞታቸው ሆነ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዋልድማየርንና ሌሎች የውጭ አገር ባለሙያዎችን አሰባስበው ብረት የማቅለጥን ሥራ አስጀመሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍም ንጉሡ ተስፋ አልቆረጡም፤ በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ሴባስቶፖል አፈሙዙ ወደ ላይ ቀንቶ የሚተኮስ አጭርና ሰፊ መድፍ ነው። እንዲህ ያለው መድፍ ሲተኮስ የተኩሱ ግፊት በአብዛኛው የሚወርደው ወደ መቀመጫውና ከሥሩ ወዳለው መሬት ነው። የዛሬው መሐንዲስ ለከባድ መዶሻ መሠረት ሲነድፍ የሚገጥመውም ይኸው ጥያቄ ነው። ምቱ ሳይለወጥ የመሠረቱ ክብደት እጥፍ ቢሆን፣ መሠረቱ የሚነቃነቅበት ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደ አፈሩ የሚወርደውም ጉልበት በግማሽ ያንሳል። ሆኖም ክብደት ብቻ አይበቃም፤ አፈሩ ሳይሰምጥና ሳያዘነብል መሸከም አለበት።

ቴዎድሮስ የመሬትን ብርታት የፈተኑት በጉዞ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በሠረገላ አስጎትተው የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች ተሻገሩ። መንገድ አልነበረምና ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ዳገት እየተቆረጠ ተሠራ፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የደከመውና የተራበው ሕዝብ፣ የተዘረፈው በጌምድርም የዚህ ሥራ ዋጋ አካል መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያው ሲገጥም፣ ከታላላቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይታያል።

የቋራው ሰው ብረቱ እንዲቀልጥና እንዲጎተት አደረጉ፤ ግን የመድፉን ጥንካሬ፣ የባሩዱን መጠን፣ የተኳሹን ሥልጠና አስቀድሞ በስሌት የሚያገናኝ ሙያ ገና በአገር አልተተከለም ነበር። ዛሬ በዚያው ጥቁር አፈር ላይ የጥጥ መዳመጫ ወይም የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር የሚተክል መሐንዲስ ይህን ክፍተት የመሙላት አደራ አለበት። የሚያብጠውን አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ሳይቆፍር፣ የሞተሩን ዙር ከመሠረቱ የራስ ንዝረት ሳያራርቅ ኮንክሪት ካፈሰሰ፣ ድካሙ ሁሉ በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል። ምኞት ታላቅ በሆነ መጠን መሠረቱ አስቀድሞ መመርመር እንዳለበት የቴዎድሮስ ሕይወት ያስተምራል።