አበበ ቢቂላና የታላቅነት ሚዛን

በቦክስ ዓለም አንድ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ይኸውም በከባድ ሚዛን ከነገሡት ቦክሰኞች መካከል ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው የሚለው ነው። አንዱ ጆ ሉዊስን ያነሣል፤ ማዕረጉን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ይዞ 25 ጊዜ ሳያስነጥቅ ጠብቆታልና። ሌላው ሮኪ ማርሲያኖን ያነሣል፤ 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ተሰናብቷልና። ሦስተኛው ደግሞ መሐመድ አሊን ያነሣል፤ ማዕረጉን ሦስት ጊዜ አግኝቷልና። ሦስቱም በየዘመናቸው ኃያላን ስለ ነበሩ፣ ሁሉም በብርታታቸው ዘመን ሳሉ ስላልተገናኙ፣ ለክርክሩ ዳኛ አልተገኘለትም።

የእኛም አገር ክርክር ከዚህ አይለይም፤ ነገር ግን የእኛ በቡጢ ሳይሆን በእግር ነው። በዲክሲስም ሆነ በአሰላ፣ በበቆጂም ሆነ በኢተያ፣ ስለ ሩጫ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ሌላው ቀነኒሳ በቀለን ያስቀድማል፤ አረጋውያን ግን ከሁሉ በፊት የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ይጠራሉ። እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ፤ ልቤ ለአርሲ ሯጮች ማድላቱ አይቀርም። ስለዚህ ፍርዱ እንዳይዛባ አስቀድሜ የአበበን ሕይወት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ለክቡራን አንባቢዎች አቀርባለሁ፤ ሚዛኑን የምናነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ገና የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ አልሞላም ነበር። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ አደገ። ከጎለመሰም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ችሎታውን ያየውም በዚያ ነው። ኒስካነን ሩጫ በጉልበት ብቻ የሚሠራ ሥራ አለመሆኑን፣ በሰዓት የሚለካ፣ በዕቅድ የሚመራና ትዕግሥት የሚጠይቅ መሆኑን አስተማረው። የአዲስ አበባም ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ በዚያ ስስ አየር የሚለማመድ ሰው ደሙ ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል፤ ወደ ዝቅተኛ አገር ሲወርድም ትንፋሹ ይበረታለታል። የእኛም የአርሲ ደጋ ልጆች የሚታደሉት በዚሁ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በሮማ ተደረገ። የማራቶኑ ሩጫ የዋለው ጳጉሜን 5 ቀን፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ሲባል ሩጫው ወደ ማታ ተጀመረ። አበበ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው እንደ ልምምዱ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቆረጠ። በተሰለፉት ሯጮች ዘንድ ስሙን የሚያውቅ ከቶ አልነበረም ለማለት ይቻላል። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ግን ከፊት የቀሩት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ እነርሱም አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበሩ። ጨለማው ሲወርድ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የወሰዱት የአክሱም ሐውልት በቆመበት አደባባይ ደረሱ። አበበ ኃይሉን አውጥቶ ከራዲ የተለየው በዚያ አጠገብ ነው። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የደረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር፤ ራዲ 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ገባ። በዚህም አበበ እስከዚያ ድረስ ከተሮጠው የዓለም ምርጥ ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ያህል ቀደመ፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ኢትዮጵያም በማግሥቱ የ1953 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን በዚህ ደስታ ተቀበለች። ያ ሐውልት ራሱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል።

ከአራት ዓመት በኋላ ጨዋታው በቶኪዮ ሆነ። ሩጫው አርባ ቀን ያህል ሲቀረው አበበ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ይሮጣል ብሎ የጠበቀም ጥቂት ነበር። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ተሰለፈ፤ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላም ብቻውን ሄደ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ወደ ስታዲየሙ ገብቶ ሲጨርስ፣ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ገና ከ4 ደቂቃ በላይ ይቀረው ነበር። አበበም በዚያ ጊዜ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሕዝቡ በእጅጉ ተደነቀ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ግን ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ለማቋረጥ ተገደደ። ወርቁን የክቡር ዘበኛ ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወስዶ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን የማራቶን ድል አስገኘ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ቢታከምም እግሮቹ አልተመለሱለትም። እነዚያ ዓለምን ያስደነቁ እግሮች ዝም ሲሉ ሌላ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቤቱን ይዘጋ ነበር። አበበ ግን በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ውድድር ተሰለፈ። በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለደ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እንግዲህ ሚዛኑን እናንሣ። በመጀመሪያ ሰዓትን ዳኛ እናድርገው። በ1993 ዓ.ም. የኢተያው ልጅ ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ የማራቶን ወርቅ ሲያገኝ የሮጠው በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነው። ኃይሌ በ2001 ዓ.ም. በበርሊን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ገባ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ በዚያው በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ጨርሳ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሴኮንድ ፈጠነች። በሰዓት ዳኝነት ስንሄድ አበበ ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ይቀራል። ነገር ግን ሰዓት የሚናገረው መቼ እንደ ደረሰ ብቻ ነው፤ ምን ይዞ እንደ ተነሣ አይናገርም። የዛሬው ሯጭ እግሩን የሚያስፈነጥር ጫማ፣ ፍጥነት የሚጠብቁለት ባልንጀሮች፣ በየመንገዱ የተዘጋጀለት መጠጥ አለው። አበበ በሮማ ድንጋይ ላይ የነበረው የራሱ ውስጥ እግር ነው።

ሁለተኛው ዳኛ ፊት ለፊት መጋጠም ነው ይባላል። ይህም ቢሆን አይበቃም። አበበ በሮጠባቸው ሦስት ኦሊምፒኮች ሦስት ታላላቅ ቦክሰኞች ወርቅ አግኝተዋል፤ በሮማ ኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ካሲየስ ክሌይ ከከባድ ሚዛን በሚቀጥለው ክብደት፣ በቶኪዮ ጆ ፍሬዘር፣ በሜክሲኮ ጆርጅ ፎርማን በከባድ ሚዛን። እነዚህ ሦስቱ በኋላ እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ። በ1963 ዓ.ም. ፍሬዘር አሊን አሸነፈ፤ በ1965 ዓ.ም. ፎርማን ፍሬዘርን ጣለ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አሊ ፎርማንን ጣለ። ነገሩ ክብ ሆኖ ወደ መነሻው ተመለሰ። በአንድ ዘመን የተጋጠሙትን እንዲህ ለመለየት ካስቸገረ፣ በተለያየ ዘመን ያሉትንማ እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ በእኔ ግምት ትክክለኛው ሚዛን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ሰውየው በራሱ ዘመን ከነበሩት ምን ያህል ርቆ ቆመ የሚለው ነው፤ የቶኪዮው 4 ደቂቃ ለዚህ ይመሰክራል። ሁለተኛው ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ምን መንገድ ከፈተ የሚለው ነው። ኃይሌ የተወለደው አበበ ከመሞቱ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ኃይሌም ሆነ የበቆጂዎቹ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባና ቀነኒሳ መሮጥ ሲጀምሩ ኢትዮጵያዊ ዓለምን ሊቀድም እንደሚችል አስቀድመው ያውቁ ነበር። አበበ በሮማ መነሻ ላይ ሲቆም ግን ይህን የነገረው ምሳሌ አልነበረም።

በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ልቤ ለአርሲ ቢያደላም ፍርዴን ለአበበ እሰጣለሁ። ይህ የአርሲን ልጆች ክብር አያሳንስም፤ የተከፈተውን በር ገብተው ቤቱን የሞሉት እነርሱ ናቸውና።

ይህ ሚዛን ለእኛ ለተማሪዎችም የሚሆን ይመስለኛል። በዓመቱ መጨረሻ የውጤት ወረቀት ሲሰጥ ወላጆች የልጃቸውን ደረጃ ከጎረቤት ልጅ ደረጃ ጋር ያስተያያሉ። ደረጃው እውነት ነው፤ እንደ ሰዓቱ የደረሱበትን ያሳያል። ነገር ግን ከሩቅ ቀበሌ በየቀኑ በእግሩ የሚመላለሰውን፣ ማታም ከብት አስገብቶ በኩራዝ የሚያጠናውን ልጅ ሲመዝኑ የተነሣበትንም ቦታ ቢያዩለት ፍርዱ የቀና ይሆናል። እኛም በበኩላችን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ያነሣውን ሰው እያሰብን፣ የጎደለን ጫማ ለመቅረታችን ምክንያት እንዳይሆን እንትጋ።