ዳግማዊ ምኒልክና የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል

ዛሬ በከፋ ዞን ለሥራ ተመድቦ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ወጣት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል በመኪና ይደርሳል፤ መንገዱ ቢያደክመውም ጉዞው ብርቅ አይመስለውም። አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ እንኳ ብርቅ የነበረችበትን ዘመን ለማወቅ የሚሻ ግን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ታሪክ ይመልከት።

ምኒልክ በ1836 ዓ. ም. ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ሳሉ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገቡ፤ ከመቅደላም አምልጠው ወደ ሸዋ የተመለሱት በ1857 ዓ. ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ፈረንጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ስለ ነበር፥ የምኒልክ የመሣሪያ ፍቅር ከዚያ የጀመረ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማሰብ ይቻላል። በ1871 ዓ. ም. የስዊሱን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አስመጡ። ኢልግ ድልድይ ሠራ፥ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገባ፥ በ1886 ዓ. ም. የምድር ባቡር ውል ተቀበለ። የዘመኑ ጎብኝዎች እንደ ጻፉትም፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ነገር ሲቀርብላቸው አሠራሩን ሳይመረምሩ አያልፉም ነበር።

ዘመናዊ መሣሪያ ግን ለጌጥ ብቻ አልመጣም። በ1888 ዓ. ም. ጠመንጃውና መድፉ በዐድዋ አገርን አዳነ። በማግሥቱ ዓመት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ ሲዘምቱ ደግሞ ይኸው ጠመንጃ በቦንጋ አጠገብ የነበረችውን መናገሻ አንድራቻን አስጠፋ፤ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾም ተማረኩ። ከፋ ለዚህ የከፈለችው ዋጋ ከባድ ነው፤ ስለ ምኒልክ የሚጽፍ ሁሉ ይህንንም አብሮ መጻፍ ይገባዋል።

አውቶሞቢሏ የመጣችው በ1900 ዓ. ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን መንገድ የሚደመድም በእንፋሎት የሚሄድ መኪና አስመጥቶ፥ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎት ነበር። አሁን ግን ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ፥ ዌልስ ከሚባል ሾፌሩ ጋር፥ ሲድሌይ የተባለች አውቶሞቢል ከጅቡቲ በኩል ይዞ ተነሣ። የመኪና መንገድ ስላልነበረ፥ ሞተሩ ባቃተው ቦታ ሰው እየገፋና እየጎተተ በረሃውንና ተራራውን አልፎ አዲስ አበባ ገባ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም አበረከተላቸው። ምኒልክ መርምረው ብቻ አልተዉም፥ ተቀምጠው ሄዱባት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ አውቶሞቢል ይዞ መጣ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌ አውቶሞቢል ማደስን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች እንደሚያውቁት፥ የሚከብደው ቆርቆሮውን አቃንቶ ቀለም መቀባቱ አይደለም፤ የተሰበረች አንዲት ጥርስ ወይም የጠፋች ብሎን መተካቱ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ከሆነ አምሳያዋን ቀርጾ መሥራት ያሻል። በምኒልክ ዘመን ፋብሪካው ነበረ፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ ነበር። አንዲት ዕቃ ብትሰበር ደብዳቤ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ፥ በባቡር ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አያልፍም ነበርና ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የቅፍለት ጉዞ ነው። ጎማውም ቤንዚኑም እንደዚሁ። አውቶሞቢል በስጦታ ይመጣል፤ መካኒክና መንገድ ግን በስጦታ አይመጡም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ከከተማው ወደ አዲስ ዓለም መንገድ ያሠሩት አውቶሞቢሏ ከመምጣቷ በፊት ነበር።

ጊዜ ግን አልሰጣቸውም። ሕመሙ ቀድሞም ጀምሯቸው ነበር፤ በ1902 ዓ. ም. ሰውነታቸው ፈጽሞ ደከመ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። በዚያም ዓመት ለአዲስ አበባ ገበያ የሚመጣው የከፋ ቡና እንደ ቀድሞው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይጓዝ ነበር።