ዘውዳቸውን ለቤተ ልሔም የሰጡት እቴጌ

በስደት መንገድ ላይ ሳለ ስእለት ያልተሳለ በመካከላችን ማን አለ? በሱዳን በረሃ በውኃ ጥም ተይዘን፣ በናይሮቢ የጉዞ ፈቃድ እየጠበቅን ለእመቤታችን ያልገባነው ቃል የለም። ዛሬ በኢንቨር ግሮቭ ሃይትስና በአካባቢዋ ቤት ሠርተን፣ ልጆች ወልደን ስንኖር ያን ቃል ስንቶቻችን እናስበዋለን? ይህን እያሰብን በዚህ እትም ከእኛ በፊት የስደትን ኑሮ የቀመሱትን የእቴጌ መነንን ሕይወት ልናስታውስ ወደድን።

እቴጌ መነን በመጋቢት ወር 1883 ዓ.ም. በወሎ፣ በአምባሰል ተወለዱ። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ነበሩ። የክርስትና ስማቸውም ወለተ ጊዮርጊስ ይባላል። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አግብተው ስድስት ልጆችን ወለዱ።

እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውዱ በዓል በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ሌሊቱ በጸሎትና በማኅሌት ካለፈ በኋላ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ንጉሠ ነገሥቱን ቅብዓ መንግሥት ቀቡ፤ ሰይፉን፣ በትረ መንግሥቱን፣ ሉሉን፣ ቀለበቱንና ጦሩን በየተራው ባርከው ሰጡ፤ በመጨረሻም ዘውዱን ደፉላቸው። ቀደም ሲል እቴጌዎች ዘውድ የሚቀበሉት ከባላቸው በኋላ በሌላ ቀን ነበር። እቴጌ ጣይቱ የነገሡት ከዓፄ ምኒልክ ቀናት ዘግይተው ነው። እቴጌ መነን ግን በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሥርዓት፣ የክርስትና ስማቸው በተሰየመበት ሰማዕት ቤተ መቅደስ ዘውድ ተቀበሉ። በ2015 ዓ.ም. ንጉሥ ቻርልስና ንግሥት ካሚላ በለንደን ዘውድ ሲቀበሉ እንዳየነው፣ በእንግሊዝ አገር ንግሥቲቱ ከንጉሡ ጋር በአንድ ቀን መንገሥዋ የቆየ ልማድ ነው። በአዲስ አበባውም በዓል የንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ ልጅ የግሎስተር መስፍን ተገኝተው ነበር።

እቴጌዪቱ ከዘውዱ በዓል ብዙ ሳይቆዩ በስማቸው የሚጠራውን የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ነገር ግን ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የፋሺስት ጦር ወደ ዋና ከተማው ተቃረበ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣውያኑ ቤተሰቦች በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ግንቦት 4 ቀን 1929 ዓ.ም. ንጉሥ ጊዮርጊስ ስድስተኛና ንግሥት ኤልሳቤጥ በዌስትሚንስተር ዘውድ ሲደፉ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በዚያችው አገር በባዝ ከተማ ስደተኛ ነበሩ።

እቴጌ መነን በስደታቸው ዘመን ቅዱሳት መካናትን ደጋግመው ተሳለሙ። ጌታችን በተወለደበት በቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ቆመውም፣ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለዚያ ቤት ሊሰጡ ለእመቤታችን ተሳሉ። መቼ እንደሚመለሱ፣ ጨርሶም ይመለሱ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ወጣች። እቴጌዪቱም ስእለታቸውን አልዘነጉም። የነገሡበት ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ከዚያ በኋላ በበዓላት ቀን ቀለል ያለ የራስ ጌጥ ያደርጉ ነበር እንጂ ሙሉ ዘውድ ዳግመኛ አልደፉም። ነጻነቱም ከሐዘን አላዳናቸውም፤ ልዕልት ፀሐይን በ1934፣ ልዑል መኰንንን በ1949 ዓ.ም. ቀበሩ። እርሳቸውም የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ፤ ዐጽማቸውም በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛል።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ኅዳር 24 ቀን የምናከብራቸው ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ አክሊላቸውን በዙፋኑ ፊት እንደሚያወርዱ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምረናለች። እኛ የምናወርደው የወርቅ ዘውድ የለንም፤ የገባነው ቃል ግን አለን። በጭንቅ ቀን የተሳልነውን በደስታ ቀን ለመክፈል እንትጋ።

የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።