ባለቅኔው ዊቲየርና ያሳደገው ቤት

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት ጊዜ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት አነሣለት። ሰው በአደባባይ የሚያፈራው ፍሬ አስቀድሞ በቤት ውስጥ የተዘራ ነውና። የአሜሪካዊው ባለቅኔ የጆን ግሪንሊፍ ዊቲየር ሕይወት ይህን ያስረዳናል።

የዘሩ አባት ቶማስ ዊቲየር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1638 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረ። በዚያ አገር ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ብርቱ ስደት ነበረባቸው፤ ከ1659 እስከ 1661 ዓ.ም. ድረስ አራቱ በቦስተን ከተማ ተሰቅለው ሞቱ። ከቶማስ ልጆች አንዱ ግን ከእነዚሁ ወገን ሚስት አገባ፤ ቤቱም ከዚያ ወዲህ የኩዌከሮች ቤት ሆነ።

ጆን በሄቨርሂል አጠገብ በዚያው በአያቶቹ ቤት በዴሴምበር 17 ቀን 1807 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበረ፤ መሬቱ ድንጋያማ፥ ዕዳውም የከበደ ነበረ። እናቱ አቢጌል ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ወንድሙ ማቴዎስ፥ እኅቶቹ ማርያምና ኤልሳቤጥ፥ አጎቱ ሙሴና አክስቱ ሜርሲ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር። በቤቱ መጻሕፍት ጥቂት ነበሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አልታጣም።

በ1826 ዓ.ም. እኅቱ ማርያም ሳታማክረው ከግጥሞቹ አንዱን ወደ ጋዜጣ ላከች። አዘጋጁ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ግጥሙን አተመው፤ ወደ እርሻውም መጥቶ ልጁ እንዲማር መከረ። ወጣቱም ጫማ እየሰፋ የትምህርቱን ዋጋ ከፈለ።

ዊቲየር በ1833 ዓ.ም. የባሪያን ንግድና አገዛዝ የሚቃወም ጽሑፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። በዚህም የሹመት ተስፋውን አጣ። በ1838 ዓ.ም. በፊላደልፊያ የጋዜጣው ቢሮ የነበረበትን አዳራሽ ሕዝብ ተነሥቶ አቃጠለው። እርሱ ግን ወደ ኋላ አላለም። አባቱ በ1830 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፥ እርሻው በ1836 ዓ.ም. ተሸጠ፤ ከእናቱ፥ ከአክስቱና ከኤልሳቤጥ ጋር ወደ ኤምስበሪ ሄደ። ሚስት ሳያገባ ከእነርሱ ጋር ኖረ።

እናቱ በ1857፥ ኤልሳቤጥም በ1864 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1865 ዓ.ም. ባርነት በአገሩ በሕግ ተሻረ። ደስታውን የሚካፈሉት ግን ከምድጃው ዙሪያ ጐድለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፥ በልጅነቱ በረዶ ቤታቸውን ዘግቶባቸው ሳለ ቤተ ሰቡ እሳት ከብቦ የተቀመጠበትን ጊዜ በረጅም ግጥም አወጣ። ይህም መጽሐፍ ከድህነት አወጣው። እርሱም በ1892 ዓ.ም. ዐረፈ።

አንድ ነገር ያስደንቀናል። የዊቲየር ወገኖች በጸጥታ ያመልኩ ነበር እንጂ በጉባኤያቸው አይዘምሩም ነበር። ሆኖም በ1872 ዓ.ም. ከጻፈው ግጥም መጨረሻው ተወስዶ በ1884 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በመዝሙር መጽሐፍ ገባ፤ እስከ ዛሬም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይዘመራል። እኛ ስለ ጥምቀትና ስለ ጌታ እራት ከኩዌከሮች ጋር አንስማማም። ነገር ግን እግዚአብሔር ዝም ካለው ቤት ዝማሬን እንዳወጣ አይተን እናመሰግናለን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በማታ ከምድጃችሁ አጠገብ የምታነቡትን ቃልና ለእንግዳ የምትከፍቱትን በር አትናቁ። ልጆቻችሁ ያያሉ። እናንተም እኅቶችና ወንድሞች፥ በወንድማችሁ ያለውን ስጦታ ካያችሁ እንደ ማርያም ዊቲየር አትሸሽጉት።