የምድር ባቡር ሐሳብ አባት ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ

የቆቃ ጎረቤቶች ሞጆና አዳማ ለረጅም ዘመን የምድር ባቡር ጣቢያ ከተሞች ነበሩ። ሀዲዱ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በረሃውንና የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ ወደ አገራችን መሀል እንዲገባ አስቀድመው ከደከሙት ሰዎች ዋነኛው ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ሕይወታቸውን በአጭሩ እናቀርባለን። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ በ1854 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ምሕንድስና ተማሩ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሙያ ያላቸው ሰዎች ከአውሮፓ እንዲመጡላቸው ይሹ ስለ ነበር፣ ወጣቱ መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1878 ጉዞ ጀምረው በተከታዩ ዓመት አንኮበር ገቡ።

የተሰጣቸው ሥራ ብዙ ዓይነት ነበር። ቤት ሠሩ፤ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገቡ፤ በአዋሽ ወንዝ ላይም የእንጨት ድልድይ ዘረጉ። ዛሬ በቆቃ ግድብ የሚታቆረው ይህ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ሲራራ ነጋዴን ከወዲያ ማዶ የሚያስቀር ነበርና፣ ድልድዩ ለመንገደኛው ሁሉ ታላቅ እፎይታ ሆነ። ከዓድዋ ድል በኋላ ኢልግ በሰላም ድርድሩ ንጉሠ ነገሥቱን አገለገሉ፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ።

ከሁሉ በላይ ልባቸውን የያዘው ግን የባቡር መንገድ ነበር። ከባሕር ወደብ እስከ ሸዋ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ሲጓጓዝ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ሆኖም ሀዲዱ የባዕዳን መግቢያ ይሆናል ብለው የሚሰጉ መኳንንት ነበሩ። ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። ምኒልክ በማርች 1894 ፈቃዱን ለ99 ዓመት ለኢልግ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ዳሩ ግን ገንዘብ አነሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ መስመሩ በቆላው በኩል ዞረ፤ በ1902 መጨረሻም ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በዚህም አዲስ ከተማ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ርዳታ ለማግኘት የገባው ውል ግን ንጉሠ ነገሥቱን አስቆጣ። የንግድ መንገድ የተባለው የኃያላን መንግሥታት መሻሚያ ሆነ፤ ሥራው ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ።

ኢልግ ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ በኋላ በ1907 ሥልጣናቸውን ለቀው በአገራቸው ተቀመጡ። ሥራውን በ1908 የተቋቋመ ሌላ ኩባንያ ቀጠለበት። ኢልግ በጃንዋሪ 1916 በዙሪክ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የደከሙበትን ሥራ ፍጻሜ ሳያዩ ዐለፉ ማለት ነው።

ባቡሩ ባለፈበት ሁሉ ጣቢያ ተተከለ፤ በጣቢያው ዙሪያ ገበያ፣ በገበያው ዙሪያ መንደር ተሰበሰበ። አሮጌው ሀዲድ ዘመኑን ፈጽሟል፤ በ2016ም በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ተመርቋል። ከተሞቹ ግን ቀርተዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለወጣቶች ቢያስረዱት መልካም የሚሆነው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዘሪው ሁልጊዜ አጫጅ አይሆንም፤ ቢሆንም የዘሪው ድካም በከንቱ አይቀርም። እንዲሁም በጎ ሥራ በጥቅም ፈላጊዎች እጅ እንዳይወድቅ መጠበቅ የሁሉም ግዴታ ነው።