ጅቡ ሰው ነው በሚባልባት ከተማ የኖረው ጄምስ ብሩስ

የቫምፓየርና የተኩላ ሰው ፊልም ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ትልቅ ከተማ አለ። ቀን ቀን ሁሉም ሰው ይመስላል። ሲመሽ ግን ጎረቤትህ የመሰለህ ሰው ቆዳውን ቀይሮ አውሬ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ሥጋ ይበላል፣ ሌላው ደም ይጠጣል። ይህን መሳይ ልቦለድ ውጭ አገር እንደ ጉድ ይሸጣል።

ለሲሪንቃ ልጅ ግን ነገሩ ብርቅ አይደለም። በመርሳና በወልዲያ መካከል ባለው በዚያ አገር ያደገ ሰው፣ ማታ ጅብ ሲጮህ አያቶች ምን እንደሚሉ ያውቃል። ጅብ ሁሉ ጅብ አይደለም ይባላል። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለ ሰው ማታ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል ይባላል። ቡዳ ማለት እሱ ነው ይባላል።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ይህ ወሬ በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሲወራ በጆሮው ሰምቶ፣ ጅቦቹንም በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ጄምስ ብሩስ ይባላል። ከተማዋ ጎንደር ናት።

ብሩስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪናይርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ላይ ነው። እናቱ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለ ነበር። አባቱ ሕግ እንዲማር ፈልጎ ነበር፤ እሱ ግን ሕግ አልሆነለትም። በ1754 የወይን ነጋዴ ልጅ አገባ። ሚስቱ በተጋቡ በወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከዚያ በኋላ ብሩስ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። ቋንቋ ተማረ፣ አገር ለአገር ዞረ፣ አልጀርስ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ። ልቡ ግን አንድ ነገር ላይ ነበር፦ የዓባይን ምንጭ ማየት።

በ1769 መስከረም ላይ ምጽዋ ደረሰ። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። በትግራይ በኩል፣ አክሱምን አይተው፣ በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ።

ብሩስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ይበልጣል፤ ፀጉሩ ቀይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጎንደር ላይ ሳይታይ ማለፍ አይችልም። የከተማው ሰው ያዕቆብ ብሎ ጠራው። ደግነቱ ሕክምና ትንሽ ትንሽ ያውቅ ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ወዳለው ቤታቸው አስጠሩትና የቤተሰባቸውን ልጆች እንዲያክም አደረጉ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ሲድን ብሩስ የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ። ሌላም ያስደነቀበት ነገር አለ። በጠመንጃ ውስጥ በጥይት ፋንታ የሻማ ቁራጭ ጎርሶ ሦስት ጋሻ በሳ። ይህ ሰው አስማተኛ ነው የተባለውን አስቡት፤ እሱ ግን የተጠቀመው ባሩድና ፍጥነት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጅቦቹ እንምጣ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት የጀመረበት ነው። ንጉሡ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቢሆኑም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ራስ ሚካኤል ከጎንደር በወጡበት ሰዓት ተቀናቃኞቻቸው ሌላ ንጉሥ አነገሡ። በ1770 መጨረሻ ራስ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ሲመለሱ በቀል መጣ። በየቀኑ ሰው ይገደል ነበር። የተገደሉት እንዳይቀበሩ ተከልክሎ ሬሳቸው ተቆራርጦ መንገድ ላይ ይጣላል። ብሩስ ይህን ሲያይ ሊያብድ ደረሰ። የራሱ አዳኝ ውሾች ሁለት ጊዜ አምልጠው የሰው አካል ወደ ግቢው ይዘው እንደገቡ ጽፏል።

ሽታው ጅቦቹን ከየተራራው ጠራቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ጅቦች ሲመሽ ወደ ከተማ ይገባሉ፣ ሲነጋ ይወጣሉ። ከመሸ በኋላ ከቤቱ የሚወጣ ሰው እምብዛም ስላልነበር ጎንደር ሌሊት ሌሊት የጅብ ከተማ ሆነች። ብሩስ አምሽቶ ከቤተ መንግሥት ሲመለስ የሚያልፈው የገበያውን ጥግ ብቻ ነበር። ፋኖስ ይዞ፣ የታጠቁ ሰዎች ከበውት እንኳ ጅቦቹ ሁለትና ሦስት ሆነው አጠገቡ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። እግሬን ይዘው ይጎትቱኛል ብሎ ይፈራ ነበር።

እና የከተማው ሰው ስለነዚህ ጅቦች ምን አለ?

ፈላሾች ናቸው አለ። ከአካባቢው ተራራ በአስማት ጅብ ሆነው የሚወርዱ፣ በጨለማ ተሸሽገው የሰው ሥጋ የሚበሉ ሰዎች ናቸው አለ። ፈላሻ እየተባሉ በንቀት ይጠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ርስት ስለተነፈጉ በእጃቸው ሥራ ይኖሩ ነበር፦ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ ይሸምናሉ፣ ግንብ ይገነባሉ። ዛሬ ሴልፊ የምንነሳባቸው የጎንደር ግንቦች ላይ የእነሱም እጅ አለበት።

ነገሩን ረጋ ብላችሁ እዩት። ሬሳውን መንገድ ላይ ያስጣለው ማነው? ራስ ሚካኤል። ጅቡን የጠራው ምንድነው? ያልተቀበረው ሬሳ። ይህን ሁሉ የከተማው ሰው በቀን ብርሃን ያየዋል። ግን ራስ ሚካኤልን በአፍ መንካት አንገት ያስቆርጣል። ብረት ቀጥቃጩን ግን ማንም በነፃ ይሰድበዋል። ስለዚህ ጥፋቱ ጉልበት ወደሌለው ሰው ዞረ። አውሬውን የፈጠረው ጦርነቱ ነበር፤ ስሙን የተሸከመው ጎረቤት ሆነ።

ብሩስ ወሬውን ጻፈው እንጂ አላመነበትም። ለእሱ ጅብ ጅብ ነው። አንድ ሌሊት ሜጫ ውስጥ በድንኳኑ ሆኖ ከዋክብት ሲለካ የሆነ ነገር ከኋላው አልፎ ወደ አልጋው ሲሄድ ሰማ። ዞር ሲል ምንም የለም። ወጣ ብሎ ሲመለስ ሁለት ትልልቅ ሰማያዊ ዓይኖች ጨለማ ውስጥ አፈጠጡበት። አሽከሩ መብራት ይዞ ሲመጣ ጅቡ አልጋው ራስጌ ቆሟል፤ በአፉ የሻማ እስር ይዟል። የሞራ ሻማ ለጅብ እራት ነው። ብሩስ መሣሪያዬ ይሰበራል ብሎ መተኮሱን ፈርቶ በጦር ወጋው፤ ጅቡ ሲዞርበት ግን ሽጉጡን መዘዘ። ሌላ ሰው ቢሆን የቡዳ ታሪክ አድርጎ ያወራው ነበር። እሱ ስለ አንድ የራበው እንስሳ ጻፈ።

ወደ ዓላማውም ደርሷል። ጥቅምት 27 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 4 ቀን 1770፣ ግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ ግን የራሱ ጥፋት አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ቄስ ከ150 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ እዚያው ደርሶ ነበር። ብሩስ ቀዳሚነቱን ላለማጣት ያንን ሰው አጣጣለ። አብሮት የነበረውን ባሉጋኒንም ከጉዞው ታሪክ አወጣው። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ አልቀረብኝም ብሎ የሚከራከር አልነበረም። እውነት ተናጋሪ ለመባል የጓጓ ሰው ራሱ እውነት ደብቋል።

በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጣ። በስናር፣ በኑቢያ በረሃ አድርጎ፣ በሕይወትና በሞት መካከል ሆኖ አስዋን ደረሰ። አውሮፓ ሲመለስ ሞቷል ተብሎ እጮኛው ጣሊያናዊ መኳንንት አግብታ አገኛት። በ1774 ለንደን ገባ።

መጀመሪያ ጀግና ተባለ። ቆይቶ ሳቁ መጣ። በአክሱም አካባቢ ወታደሮች ከቁም ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉና ቁስሉን በጭቃ ሲለስኑ አየሁ ብሎ ተናግሮ ነበር። ለንደን ይህን አላመነችም። ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ ልቦለድ የጻፈው ታዋቂው ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ተጠራጠረው። ብሩስ አኩርፎ ኪናይርድ ገባ። እንደገና አገባ፤ ሁለተኛ ሚስቱም በ1785 ሞተች። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈና በ1790 ጉዞውን በአምስት ትላልቅ ጥራዞች አሳተመ። ፌዙ ግን አልቆመም። በ1792 የውሸታሙ ባሮን ሙንሃውዘን ተረት ቀጣይ ክፍል ሲወጣ በሽሙጥ ለብሩስ መታሰቢያ ተደረገ።

ልዩነቱን አያችሁት? ጎንደር ሰው ጅብ ይሆናል የሚለውን ያላየችውን ወሬ አመነች። ለንደን ደግሞ ሰው በዓይኑ ያየውን አላምንም አለች። ሁለቱም ከተሞች ያመኑት ማመን የፈለጉትን ነው።

ሚያዝያ 1794 ላይ ብሩስ ቤቱ የጋበዛትን ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ደረጃ ላይ አዳለጠው። ጦርነት፣ በረሃና ጅብ ያልገደሉት ሰው በ63 ዓመቱ ከገዛ ደረጃው ወድቆ ሞተ። ከእሱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች ብዙውን ነገር ልክ ሆኖ አገኙት። በትግራይ ለዓመታት የኖረው ናታንኤል ፒርስ የላሙን ነገር በዓይኑ እንዳየ መሰከረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ብሩስ ሲመለስ ከያዛቸው የብራና መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሄኖክ ነበረበት። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በውስጡ ከመላእክትና ከሰው ልጆች ስለተወለዱ፣ የሰው ሥጋ ስለበሉና ደም ስለጠጡ ግዙፋን ይተርካል። ዛሬ በልቦለድና በተከታታይ ፊልም ኔፊሊም የሚባሉትን ስታዩ፣ ታሪካቸውን በሰፊው ጠብቆ ካቆየው መጽሐፍ ጋር የኢትዮጵያ ደብተራ እጅ እንዳለበት አስታውሱ።

ልቦለዱን አንብቡ፣ ፊልሙን እዩ፤ ችግር የለውም። እዚያ ያለው አውሬ የሚጎዳው ሰው የለም። የእኛው ተረት ግን ሰው ጎድቷል። ብረት ቀጥቃጩን ማረሻውን ሰጥቶን ማዕዳችን ላይ እንዳይቀመጥ፣ ልጁም ከልጃችን እንዳይጋባ አድርጓል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ይሰማል።

ሰሜን ወሎ ጦርነት በዓይኑ ያየ አገር ነው። ጅብ መቼ እንደሚበዛ፣ ማን እንደሚጠራው ለሲሪንቃ፣ ለመርሳና ለወልዲያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ ነገ ስልካችሁ ላይ ጎረቤታችሁን በአውሬ ስም የሚጠራ ወሬ ሲመጣ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት የጎንደርን ሌሊት አስቡ። ሬሳውን ማን ጣለው ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር ያሰማን!